ለስድስት ወር የሚያገለግል ታዋቂነት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ሴት ሆሳዕና ወደሚገኘው የኮሌጅ ቢሮዬ ገብታ ዐሥራ አንድ ደብዳቤዎች የያዘ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሁሉም ማኅተም ነበራቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነበር፦ የአባቷ የአርክቴክቸር ድርጅት ታዋቂ መሆኑን ማረጋገጥ።

ሰዓቱን ይህን ያህል የማስታውሰው መዝገብ ላይ ስላሰፈርኩት ነው። የሚገባ ሰነድ ሁሉ ቀንና ሰዓት ይጻፍበት ብዬ ያስወሰንኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ሥራ ውስጥ ብዙ ነገር ያስወሰንኩት እኔ ነበርኩ፤ የዚህ ታሪክ ችግርም ከዚያው ይጀምራል።

የሀድያና የከምባታ ከተሞችን የሚመለከት አንድ ኢንሳይክሎፔዲያ እያዘጋጀን ነበር። አዘጋጆቹ ሦስት ነን። ሰብሳቢያችን ቤተሰባቸው ከሰሜን የመጣ፣ በዚህ ከተማ አባትንም ልጅንም የልጅ ልጅንም ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ከባህል ቢሮ የተመደበ ባለሙያ ሲሆን፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል፣ ሳይዘጋው ይሄዳል። ሦስተኛዋ እኔ፣ ደንብ አርቃቂዋ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ስለተነሣ፣ ሁለት ሳምንት ወስጄ ባለ ዘጠኝ አንቀጽ ደንብ አዘጋጀሁ። ዋናው አንቀጽ አጭር ነው። አንድ ድርጅት በኢንሳይክሎፔዲያው ውስጥ ቦታ የሚያገኘው፣ ከድርጅቱ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌላቸው ቢያንስ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ድርጅቱ ሳይጠይቃቸው፣ ስለ እሱ በስፋት ጽፈው አሳትመው ሲገኙ ነው። በዚህ አንቀጽ እኮራ ነበር። ዝምድና አያይም፤ ቤተ እምነት አያይም፤ የትውልድ ቀበሌ አይጠይቅም።

ድርጅቶችን የጠራንበት ማስታወቂያ ቃልም የእኔ ነው። «ታዋቂነታችሁን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ማስረጃ የሚባለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ያላገባ ሰው አለማግባቱን ቀበሌ ይጽፍለታል፤ የተቸገረ ሰው መቸገሩን ቀበሌ ይጽፍለታል፤ ጡረተኛ በሕይወት መኖሩን እንኳ በራሱ ቃል ማስረዳት አይችልም፤ ደብዳቤ ይጠየቃል። እንዲህ ባለ አገር ታዋቂነትን ከዚህ ሁሉ የሚለየው ምንድን ነው? ማስታወቂያው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ከሀቢቾ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት መጥቶ፣ ታዋቂ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር አቀረበ። ፎቶው ለምን እንዳስፈለገ ብጠይቀው፣ «ሌላ ሰው በእኔ ታዋቂነት እንዳይገባበት ነው» አለኝ። መልሱ ከደንቤ ይልቅ የተሟላ ነበር።

ስለዚህ የሴትዮዋን ፋይል ስከፍት ምን እንደማገኝ ዐውቅ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ፣ «ጉዳዩ፦ ታዋቂነትን ስለማሳወቅ» ብሎ ይጀምርና፣ ድርጅቱ በቀበሌው ነዋሪዎች ዘንድ ታዋቂ መሆኑን፣ በማናቸውም የወንጀል ድርጊት ያልተከሰሰ መሆኑን ይመሰክራል። መጨረሻው ላይ፣ «ይህ ማስረጃ ለስድስት ወር ብቻ የሚያገለግል ነው» ይላል።

«ቲቸር፣ ዐሥራ አንድ ናቸው» አለች። ከዓመታት በፊት አስተምሬያታለሁ። «ካነሰ የእድሩ ይጨመራል። ጸሐፊው ለቅሶ ሄዶብኝ ነው እንጂ።»

«እነዚህን ማን አጻፋቸው?»

«እኔ ነኛ! ሳምንቱን ሙሉ በባጃጅ ስዞር ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው አንዱም አይቆጠርም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «ማኅተሙ ደብዝዞ ነው?»

አንቀጹን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ተማሪዬም ሳለች እንዲሁ ነበረች፤ ያልተስማማችበትን ነገር በጥሞና ታዳምጣለች። ከዚያ ጉዳዩን በአጭሩ ነገረችኝ። አባቷ ከአርባ ዓመት በላይ የሠሩበት ቢሮ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች፣ በወሩ መጨረሻ ይለቀቃሉ፤ የሕንጻው ባለቤት የውበት ሳሎን ሊያደርጓቸው ነው። አባቷ ያነሷቸው ፕላኖች ሁሉ እዚያ ናቸው። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እንዲረከባቸው ስትጠይቅ፣ ቦታ ስለጠበበ የሚረከበው በኢንሳይክሎፔዲያው የገቡ ድርጅቶችን ሰነድ ብቻ እንደሆነ በደብዳቤ ተገለጸላት። ይህንንም ሐሳብ ለቤተ መጻሕፍቱ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አሠራር እንዲኖረው ብዬ ነው።

«ካልተረከቧችሁስ የት ይሄዳል?» አልኳት።

«ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ጠይቆኛል። ወረቀቱ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለልብስ ቅድ ይሆነኛል ብሏል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የፎንቆው ትምህርት ቤት ጉርድ ቀሚስ ሊሆን ነው፣ ቲቸር።»

ስብሰባችን በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ስለ ድርጅቶች የሚወሰንበት የመጨረሻው ስብሰባ። ደንቡ አጣሪው በአካል ሄዶ ይመልከት ስለሚል፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኳት።

መንገዱ የዐሥር ደቂቃ ነው። በዚያ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሴትዮዋ ጣቷን እየቀሰረች አሳየችኝ፦ ያንን ክሊኒክ፣ ያንን ሆቴል፣ በረንዳው ወደ ውስጥ የገባውን ያንን ባለ ሁለት ፎቅ። ከልጅነቴ ጀምሬ የማልፍባቸው ቤቶች ናቸው፤ ሰው ሠራቸው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወደ አደባባዩ ስንደርስ ጣቷን አጠፈች። እዚያ የቆመው ባለ መስተዋቱ ሕንጻ የአባቷ አይደለም። የአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሥራ ነው። ከአራተኛው ፎቅ በላይ ብረቱ እርቃኑን ወደ ሰማይ ቆሟል፤ ደረጃው ገና አልተሠራም። ያ ድርጅት ባለፈው ወር በአንድ ድምፅ በኢንሳይክሎፔዲያው ገብቷል፤ አምስት የጋዜጣ ጽሑፎች አቅርቦ ነበር። አምስቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ የፊደል ግድፈቱ እንኳ እንዳልተለወጠ ተናግሬ ነበር። ሰብሳቢያችን በትዕግሥት አዳምጠውኝ፣ «ጋዜጦቹ ግን አምስት ናቸው» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይም አምስት ተብሎ ተጻፈ።

አርክቴክቱ በትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ከባዱን የሥዕል ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በግድግዳው ዙሪያ እስከ ጣሪያ ድረስ ግራጫ የውኃ ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ በየቱቦው ውስጥ የተጠቀለለ ፕላን አለ፤ በየቱቦው አፍ ላይ የቦታው ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ ፎንቆ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሀቢቾ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይ ደስታዬን መደበቅ ይቸግረኛል፤ ደበቅሁት።

«ደህና መጣሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ታዋቂ መሆኔን ልታዪ ነው የመጣሽው?»

«ደንቡ ስለሚያዝ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን መሰልኩ?»

«አባዬ፣ ይተዉ እስቲ» አለች ልጃቸው።

ደብዳቤዎቹ ለምን እንደማይቆጠሩ ለእርሳቸውም ነገርኳቸው። እየሣቁ ሰሙኝ። ልጃቸው ቀበሌ ለቀበሌ ስትዞር፣ «የሚያውቁኝን ሰዎች እኔን ታውቁኛላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው» ብለዋት እንደነበር ተናገሩ። ከዚያም ደንቡ የሚቀበለው ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያልጠየቁት ሰው፣ ያልከፈሉት ሰው፣ በስፋት የጻፈው፣ የታተመ መሆን አለበት አልኳቸው።

አሰብ አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያቺን መጽሔት አሳይተሻታል?»

«አባዬ!»

«የሞርሲቶዋን።»

«እሷ ስድብ ናት እኮ! ስድብ ይዤ ኮሚቴ ፊት ልቅረብ?»

በሀድይሳ ጥቂት ተነጋገሩ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔም የማልሰማ መስዬ ቱቦዎቹን አነበብኩ፤ ቋንቋው የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። «ሰው ስሜን ሲያነሣ በሩን ብቻ እንዲያስታውስ አልፈልግም ብለው አልነበር?» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «በሩ እኮ ትክክል ነው» አሏት።

በመጨረሻ ልጃቸው መሳቢያ ከፍታ አንዲት ቀጭን መጽሔት አወጣች። በሞርሲቶ አካባቢ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለኢዮቤልዩ በዓሏ ያሳተመቻት ናት። ከምስጋናውና ከመዘምራኑ ፎቶግራፍ ቀጥሎ፣ አራት ሙሉ ገጽ የያዘ «የበሩ ጉዳይ» የሚል ርእስ አገኘሁ። አርክቴክቱ በሩን ወደ አውራ መንገዱ ማድረግ ሲገባቸው፣ ወደ እርሻው አዙረውታል። በዚህም ምክንያት ከመንገድ የመጣ ሰው ሁሉ የቤቱን አንድ ጎን ዞሮ መግባት ግድ ሆነበት። ጸሐፊው ስሜታዊ ቢሆንም ጥንቁቅ ነው፦ «ዘግይቶ የመጣ ምእመን ስድስቱን መስኮቶች አንድ በአንድ አልፎ ወደ በሩ ሲሄድ፣ ወደ ሰባኪው የዞረ አንገት አልተገኘም» ይላል። አንዳንድ የተከበሩ ቤተሰቦች ከዘገዩ ቤታቸው መዋልን እንደመረጡ ይገልጻል። በኋላም ሽማግሌዎች ተሰብስበው በመንገዱ በኩል አዲስ በር አስወጡ። በክረምቱ ዝናቡ በዚያ በር ገብቶ እስከ መድረኩ ደረሰ። ጽሑፉ የሚያበቃው፣ «በሩ ለጊዜው በብሎኬት ተዘግቷል» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። አርክቴክቱ ልክ ነበሩ አይልም።

«ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ መንገዱ አይወስንም» አሉ አርክቴክቱ። «ነግሬያቸው ነበር። መንገዱን ነው የሚያከብሩት።»

መጽሔቷን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ያልተጠየቀ፣ ያልተከፈለ፣ የታተመ፣ በስፋት የተጻፈ። ደንቤን ሳረቅ በሐሳቤ የነበረው ምንጭ ይኸው ነበር፤ ቂም ያዘለ ይሆናል ብዬ ብቻ አልጠበቅሁም። ባስበው ግን ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። በእኛ ከተሞች ሰው ያመሰገነውን በቃሉ ያመሰግናል፤ ከመሬት ተነሥቶ ጽፎ የሚያሳትመው የተቀየመ ሰው ነው። አመስጋኝ ሲጽፍ የታየ እንደሆነ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ ተብሎ ተለምኖ ነው።

«ይህች አንድ ምንጭ ናት» አልኩ። «ደንቡ ሁለት ይላል።»

አርክቴክቱ ተነሡ። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የቆየ የኮሌጃችን ዓመታዊ መጽሔት አውርደው፣ በወረቀት ቁራጭ ምልክት የተደረገበትን ገጽ ገልጠው ሰጡኝ። ምን እንደሚል ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። ጽሑፉ እርሳቸው ስለነደፉት የኮሌጁ የንባብ አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ መደረጋቸውን በስድስት ገጽ ይተቻል፤ «እነዚህ መስኮቶች ለአንባቢ ሳይሆን ለወፎች የተሠሩ ናቸው» ይላል፤ አርክቴክቱ መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠው የሚያውቁ መሆናቸውንም ይጠራጠራል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ማስተርሴን በያዝኩ በዓመቱ፤ ስለማላውቀው ነገር እርግጠኛ መሆን የምችልበት የዕድሜ ክልል ላይ ነበርኩ። በገጹ ግርጌ ስሜ ከነአባቴና ከነአያቴ ሙሉ በሙሉ ታትሟል።

«ጸሐፊዋ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ፣ ወደ ጠረጴዛቸው እየተመለሱ። «መለካት ትችላለች። የመስኮቱን ከፍታ ልክ ነው የጻፈችው፤ አንድ ሴንቲ አልተሳሳተችም። ለምን እንደሆነ ብቻ አልጠየቀችኝም።»

«ስሟን አይተውታል?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ትንንሹን ጽሑፍ አላነብም።»

የቱቦዎቹ ስም በእርሳቸው እጅ፣ በትንንሽ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ቀለሙም ገና ትኩስ ነበር። ይህን አልተናገርኩም።

ደረጃውን ስንወርድ ልጃቸው ክንዴን ያዘችኝ። ሌላ መንገድ እንደሌለ፣ ሁለቱ ትችቶች ካልቀረቡ ድርጅቱ እንደማይገባ፣ ከቀረቡ ደግሞ የሚጻፈው ከምንጩ ብቻ ስለሆነ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ እንደሚጻፍ ነገርኳት።

«ታዲያ የሠሩት ሁሉ? ክሊኒኩ? ትምህርት ቤቱ?»

«ማን ጻፈው?»

«ሰው ይኖርበታል እኮ፣ ቲቸር!»

«በቤት የሚኖር ሰው ስለ ቤቱ አይጽፍም።»

ክንዴን ለቀቀችኝ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ «እህቴ፣ ወረቀቱ ምን ሆነ?» ብሎ ጮኸ። «ነገ እነግርሃለሁ» አለችው። ለእኔም መልሷ ያው ነበር፦ ነገ። መጽሔቷን ይዛ መምጣት አለመምጣቷ ለእሷ ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ወደ ንባብ አዳራሹ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይዋ ከላይኛው መስኮት ገብታ ተቃራኒውን ግድግዳ ብቻ ታበራለች፤ ጠረጴዛዎቹ ላይ የወረደው ለስላሳ፣ ጥላ የሌለው ብርሃን ነው። ከመስኮቶቹ በታች፣ በሌላ ሕንጻ ውስጥ መስተዋት በሚሆንበት ቦታ፣ መደርደሪያዎች ቆመዋል። የመጻሕፍቱ ጀርባ አልነጣም። በዚያ አዳራሽ ሃያ ዓመት ያህል ተቀምጬ አንብቤያለሁ፤ ፀሐይ ሸሽቼ ወንበር ያነሣሁበትን አንድ ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አላገኘሁም። ለዚህ ሁሉ ማስረጃዬ የራሴ ትዝታ ብቻ ነው፤ በደንባችን አንቀጽ አራት መሠረት ትዝታ ምንጭ አይሆንም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የአርክቴክቱን ልጅ በስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የሞርሲቶዋን መጽሔት በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ የቀሩትን ደብዳቤዎች አልጠየቀችኝም። መጽሔቷን ስትሰጠኝ፣ «በሩ እኮ ትክክል ነው» አለች፤ ድምጿ የአባቷን ድምፅ መሰለኝ።

ጉዳዩን አቀረብኩ። ከሁለቱ ምንጮች አንዱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ዳኛና ምስክር አንድ ሰው ሊሆን አይችልም በሚለው አንቀጽ ስድስት መሠረት በውሳኔው እንደማልሳተፍ፣ ጽሑፉንም እንደማላዘጋጅ አስታወቅሁ። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህርት፣ ይህን አንቀጽ ያስገባሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንቺው ትወጫለሽ?»

«እወጣለሁ።»

«ባለ መስተዋቱን ሕንጻ ስንወስን ጉዳዩ የሚነካው ሁሉ ይውጣ ብንል ኖሮ እኮ ማናችንም ክፍሉ ውስጥ አንቀርም ነበር» አለ የባህል ቢሮው ባለሙያ፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሣ። የመጀመሪያዋ ቀልዱ ናት።

ኮሪደሩ ላይ ከአርክቴክቱ ልጅ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን፤ ደንብ አውጪና ባለጉዳይ ልዩነት እንደሌላቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ስንጠራ ሰብሳቢው ረቂቁን ራሳቸው ጽፈውት ነበር፤ ጮክ ብለው አነበቡልን። ድርጅቱ በሆሳዕናና በአካባቢው ከተሞች ሕንጻዎችን የነደፈ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቅስና፣ አምስት መስመር ስለ በሩ፣ አራት መስመር ስለ መስኮቶቹ ይላል። በሩ በብሎኬት የተዘጋው ዝናብ በመግባቱ መሆኑም ተጽፏል፤ ምንጩ ራሱ ስለጻፈው ማስቀረት አልተቻለም። ሰብሳቢው እዚያች ላይ ሲደርሱ የአርክቴክቱ ልጅ ቀና አለች።

መጨረሻው ላይ፣ «የንባብ አዳራሹ መስኮቶች ለአንባቢ የማይመቹ መሆናቸውን አንዲት የኮሌጁ መምህርት አረጋግጣለች» ይላል። አንድ ማስተካከያ ለማቅረብ ፈቃድ ጠየቅሁ። መምህርቷ ሐሳቧን ለውጣለች አልኩ።

ሰብሳቢው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «የታተመ ምንጭ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው...» አሉና ምን ይደረግ በሚል እጃቸውን ዘረጉ።

በዚያ ጠዋት የተወሰነው እንደሚከተለው ነው። ድርጅቱ ታዋቂ ነው፤ ጽሑፉ እንደተነበበው ይገባል። ፕላኖቹ ከነቱቦዎቻቸው ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣሉ፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ በንባብ አዳራሹ ከመስኮቶቹ ሥር ባሉት መደርደሪያዎች አናት ላይ ይቀመጣሉ። ዐሥራ አንዱ ደብዳቤዎች የአገልግሎት ዘመናቸው ሳያልፍ ለባለቤታቸው ይመለሱ። የመምህርቷ ማስተካከያ ምንጭ ስላልቀረበበት ውድቅ ሆኗል።